በሳሪስ አትክልት ሠራተኞች ዘንድ የመንፈስ ጽናት፣ በራስ መተማመንና መረዳዳት

መግቢያ

በዚህ ተከታታይ ጽሑፍ ስለ ዘር፣ ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ተባይና ስለ መስኖ ብዙ ጊዜ ጽፈናል። ስለሚዘራውና ስለሚኮተኩተው ሰው መንፈስ ግን እምብዛም አልጻፍንም። ይህ የሐኪም እንጂ የሰብል ባለሙያ ጉዳይ አይመስለንም ነበር። ይሁን እንጂ በሥራ ላይ ያየነው ሌላ ነው። ሁለት አምራቾች በአንድ ዓይነት አፈር ላይ አንድ ዓይነት ዘር ዘርተው ሁለቱም በጎርፍ ሲጠቁ፣ አንደኛው በሳምንቱ ዶማውን አንሥቶ ይመለሳል፤ ሌላው ማሳውን ጥሎ ይሄዳል። ልዩነቱ በዘሩም ሆነ በአፈሩ ሊገለጽ አይችልም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ልዩነቱ ከምን እንደሚመጣ ማስረዳትና ለልማት ሠራተኞች፣ ለማኅበራት መሪዎችና ለአምራቾች የሚጠቅሙ ነጥቦችን ማቅረብ ነው። ለምሳሌ የመረጥነው በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ፣ በሳሪስና በአካባቢው አትክልት በማምረት የሚተዳደሩትን ሠራተኞች ነው።

ቦታውና ሥራው

ሳሪስ ከአዲስ አበባ ወደ ቢሾፍቱ በሚወስደው መንገድ ላይ የሚገኝ፣ ፋብሪካና መጋዘን፣ ሱቅና የኪራይ ቤት ተደባልቀው የሚታዩበት አካባቢ ነው። በዚህ የከተማ ክፍል ከሚፈስሱት ወንዞች አንዱ ትንሹ አቃቂ ሲሆን፣ ከትልቁ አቃቂ ጋር በአባ ሳሙኤል የውሃ ማጠራቀሚያ ተገናኝቶ ወደ አዋሽ ይወርዳል። በወንዙ ዳርቻ ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ጎመን፣ ካሮት፣ ቀይ ሥርና ድንች የሚያለሙ ሰዎች ለከተማው ገበያ ሲያቀርቡ ብዙ ዘመን አስቆጥረዋል።

ይህ ሥራ በጽሑፍም ተመዝግቧል። አክሱማዊት ገብረ እግዚአብሔር የመካኒሳ፣ ፉሪና ሳሪስ አትክልት አምራቾችን የኅብረት ሥራ ማኅበር አጥንተው፣ ጽሑፋቸው እ.ኤ.አ. በ1994 በካናዳ በታተመ ስለ ምሥራቅ አፍሪካ የከተማ ግብርና በሚናገር መጽሐፍ ውስጥ ወጥቷል። ጥናቱ የተመለከተው የከተማው ደሃ ነዋሪዎች በማኅበር ተደራጅተው አትክልት በማምረት እንዴት እንደሚኖሩ ነበር። እንደሚታወቀው በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታ የመንግሥት ሆኗል። ስለዚህ በከተማ ውስጥ የሚያርስ ሰው በቦታው ለመቆየት ከጉልበቱ ሌላ መደራጀትም ያስፈልገው ነበር።

ሥራው ቀላል አይደለም። በአቃቂና በአካባቢው ያለው አፈር አብዛኛው ጥቁር መረሬ ነው። በበጋ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፣ ይሰነጠቃል፤ በክረምት ውሃ ይዞ ይተኛል። ወንዙ ሲሞላ ዳር ዳሩን ይወስዳል። ዋጋው በጠዋትና በማታ ይለያያል። ቆስጣና ሰላጣ ደግሞ እንደ እህል ጎተራ ገብተው ዋጋ አይጠብቁም፤ ባልተሸጡ ማግሥት ይጠወልጋሉ። ከዚህም በላይ ብዙው ሠራተኛ ከገጠር የመጣ፣ በኪራይ ቤት የሚኖር፣ ዘመዱ ሩቅ የሆነ ሰው ነው። የቀን ሙያተኛው ደግሞ መሬትም የለው፤ ማሳ ሲጠፋ የቀን ገቢው አብሮ ይጠፋል።

አንድ ገጠመኝ

ከጥቂት ዓመታት በፊት እኛው ራሳችን ያደረስነውን ስሕተት እዚህ ላይ መናገር ይገባናል። በዚያው አካባቢ ለአንድ አምሳ ዓመት ላለፋቸው አምራች የጥቅል ጎመን ችግኝ ሰጥተን ነበር። ዕቅዱ ችግኙ በሰኔ መጀመሪያ፣ ዝናቡ ሳይበረታ፣ ከፍ ባለ መደብ ላይ እንዲተከል ነበር። ችግኙን ግን ያደረስነው ዘግይተን በሐምሌ ነው። መደቡ እስኪዘጋጅ መጠበቅ ሲገባን፣ ቀኑ እንዳያልፍብን ብለን በደልዳላው ማሳ ላይ እንዲተከል አደረግን። ሳምንት ሳይሞላው ሦስት ቀን ያላቋረጠ ዝናብ ጣለ። ችግኙ ውሃ ውስጥ ተኝቶ በሰበሰ።

ከዚያ በኋላ ሰውየው ጠፉብን። በሄድን ቁጥር ወይ የሉም፣ ወይ ታመዋል ይባላል። እኛም በመዝገባችን ላይ “የአዲስ አሠራር ፍላጎት የላቸውም” ብለን ጻፍን። ይህ ሁለተኛውና የባሰው ስሕተታችን ነበር።

የሆነውን በኋላ የሰማነው ከጎረቤቶቻቸው ነው። የእቁባቸው ዳኛ አባላቱን አስማምቶ፣ ገና ተራቸው ያልነበረውን ሰው ዕጣ አስቀደመላቸው። አንዲት ጎረቤት ከራሷ መደብ የቆስጣ ችግኝ ነቅላ ሰጠች። አራት ሰዎች ሁለት ቀን በወንፈል ወጥተው ከማሳው ራስ እስከ ግርጌ ውሃ ማጠንፈፊያ ቦይ ቆፈሩ። ቆስጣው ጥቅምት ላይ ለቆረጣ ደረሰ።

በኅዳር ስንሄድ እሳቸው ራሳቸው ተቀበሉን። “ጋሼ፣ ምነው ጠፉብን?” ብንላቸው፣ “ልጆቼ፣ ጎመኑ መጥፋቱስ ይሁን፤ እናንተ ስትመጡ ያ ባዶ መሬት እንዳይታይብኝ አፍሬ ነው” አሉን። ያጠፋነው እኛ፣ ያፈሩት እሳቸው መሆናቸው እስከ ዛሬ ይቆጨናል።

ከዚህ ገጠመኝ የተማርነው ይህን ነው። ሰብል ሲጠፋ አብሮ የሚጠፋ ሌላ ነገር አለ፤ እሱም “ይህን ሥራ እችለዋለሁ” የሚለው እምነት ነው። ይህ እምነት በምክር ብቻ አይመለስም። የሚመለሰው ደግሞ ሠርቶ በማየትና በክፉው ቀን በደረሰ ሰው ነው።

በራስ መተማመን ከየት ይመጣል?

የሥነ ልቡና ሊቁ አልበርት ባንዱራ እ.ኤ.አ. በ1977 ባወጣው ጽሑፍ፣ አንድ ሰው “ይህን ሥራ መሥራት እችላለሁ” የሚለው እምነት ከአራት ምንጮች እንደሚገኝ አስረድቷል። አራቱንም በአትክልት ማሳ ላይ ልናያቸው እንችላለን።

1ኛ/ ሠርቶ ማየት። ከሁሉም የሚበልጠው ምንጭ ይህ ነው። ሰው አንድን ሥራ ሞክሮ ሲሳካለት ሌላውንም ለመሞከር ይደፍራል። በዚህ በኩል አትክልት ከሌሎች ሰብሎች የተሻለ ዕድል ይሰጣል። ስንዴ የዘራ ሰው ውጤቱን ለማየት ወራት ይጠብቃል፤ ቆስጣ ግን ከተዘራ ሁለት ወር ገደማ ሲሆነው መቆረጥ ይጀምራል፣ ከዚያም ደጋግሞ ይቆረጣል። ስለዚህ ለጀማሪም ሆነ ከጉዳት ለሚነሣ ሰው ቶሎ የሚደርስ ሰብል መምረጥ፣ ሙሉ ማሳ ሳይሆን አንድ ሁለት መደብ ማስጀመር ይጠቅማል። በተቃራኒው፣ ገና ልምድ ሳይኖረው ብዙ ገንዘብ አውጥቶ የከሰረ ሰው እንደገና ለመጀመር ይከብደዋል።

2ኛ/ የቢጤን ሥራ ማየት። ሰው እንደ እሱ ያለ ሰው ሲሳካለት ካየ “እኔስ ምን ያንሰኛል?” ይላል። የሠርቶ ማሳያ ማሳ የተፈለገው ለዚህ ነው። በ1960 ዓ.ም. በአርሲ የተጀመረው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅትም ሞዴል ገበሬዎችን መርጦ በእነሱ ማሳ ላይ ሌሎቹ እንዲማሩ ያደርግ ነበር። ዋናው ቁም ነገር ግን “ቢጤ” የሚለው ቃል ነው። የውሃ መሳቢያ ሞተር ያለው ሰው ለሞዴልነት ቢመረጥ፣ በባልዲ የሚያጠጣው ጎረቤቱ “እሱማ አለው” ብሎ ያልፋል። ሞዴሉ የተቸገረ፣ የወደቀና የተነሣ ሰው ቢሆን ይመረጣል።

3ኛ/ የሚያምኑት ሰው ቃል። ማበረታቻ ይጠቅማል፤ ለብቻው ግን ደካማ ነው። በተለይ “አይዞህ፣ ትችላለህ” ተብሎ መሣሪያም፣ ዘርም፣ ጊዜም ያልተሰጠው ሰው ሲወድቅ፣ በራሱም በአበረታቹም ላይ ያለው እምነት ይጠፋል። ስለዚህ ቃል ከመስጠት በፊት የሚፈጸም መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ሙገሳውም በተጨባጩ ሥራ ላይ ይሁን፤ “ጎበዝ ነዎት” ከማለት “ይህ ቦይ ውሃውን በደንብ አጠንፍፎታል” ማለት ይሻላል።

4ኛ/ የሰውነትና የስሜት ሁኔታ። የደከመ፣ የተራበ፣ ያልተኛ፣ ሆዱን የሚያመው ሰው ድካሙን “አልችልም” ብሎ ይተረጉመዋል። በወንዝ ዳር ለሚሠራ ሰው ይህ በጣም ተጨባጭ ጉዳይ ነው። በፍሳሽ በተበከለ ውሃ በባዶ እግር የሚያጠጣ ሠራተኛ ለአንጀት ጥገኛ ትሎችና ለቆዳ ሕመም ይጋለጣል። ቦት ጫማና ጓንት ማድረግ፣ ከሥራ በኋላ በንጹሕ ውሃና በሳሙና መታጠብ፣ በጤና ጣቢያ መታየትና የትል መድኃኒት መውሰድ የጤና ብቻ ሳይሆን የመንፈስም ጥበቃ ነው።

መረዳዳት፦ እድር፣ እቁብና ወንፈል

“ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ” ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1985 ሼልደን ኮኸንና ቶማስ ዊልስ የተባሉ ተመራማሪዎች እስከዚያ ድረስ የተደረጉትን ጥናቶች አሰባስበው ሲመረምሩ፣ ችግር በበረታ ጊዜ ወገን ያለው ሰው ወገን ከሌለው ይልቅ በጭንቀት የሚደርስበት ጉዳት እንደሚቀንስ አሳይተዋል። በእኛ አገር ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ሆኖም የመረዳዳት ዓይነቶች የተለያዩ መሆናቸውን፣ አንዱም የሌላውን ቦታ እንደማይተካ ማስተዋል ያስፈልጋል።

እድር የሐዘን ቀን ዋስትና ነው። ድንኳን ተከላውን፣ ወጪውን፣ የለቅሶውን ሰው ማስተናገዱን ይሸከማል። ለተጎዳ ሰብል ግን አብዛኛውን ጊዜ ደንብ የለውም። እቁብ የገንዘብ ማጠራቀሚያና ተራ በተራ መጠቀሚያ ነው። ተራን ማስቀደም የሚቻለው ዳኛውና አባላቱ ሲስማሙና ዋስ ሲኖር በመሆኑ፣ በአባላቱ መተማመን ላይ የቆመ ነው። ወንፈል የጉልበት ብድር ነው፤ ዛሬ ለእኔ የቆፈርከውን ነገ ለአንተ እቆፍራለሁ። የኅብረት ሥራ ማኅበር ደግሞ በሕግ የታወቀ ድርጅት ስለሆነ፣ ስለ ቦታ፣ ስለ ብድርና ስለ ገበያ በአባላቱ ስም ሊናገር ይችላል።

ይህ ልዩነት የሚታየው በችግር ቀን ነው። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት የፒያሳው አትክልት ተራ ወደ ጃንሜዳ፣ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ኃይሌ ጋርመንት አካባቢ ተዛውሯል። በእንዲህ ዓይነቱ ጊዜ ብቻውን የሚሸጥ ሰው ደንበኛውን እንደ አዲስ መፈለግ፣ ከደላላ ጋር ለብቻው መከራከር አለበት። በቡድን የሚሸጡ ግን አንድ ሰው ልከው ዋጋ ይጠይቃሉ፣ ጭነት ይጋራሉ፣ ያልተሸጠውን ኪሳራ ይከፋፈላሉ። ድንጋጤው ለሁሉም እኩል ቢመጣም፣ የሚያርፍበት ትከሻ ቁጥር ይለያያል።

ከገንዘብና ከጉልበት ሌላ አንድ እርዳታ አለ፤ ይኸውም የሚሰማ ጆሮ ነው። በዚምባብዌ ዲክሰን ቺባንዳ የተባሉ የአእምሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ2006 አንድ ሥራ ጀመሩ። በሰፈሩ የሚታወቁ አረጋውያን እናቶች ከሠለጠኑ በኋላ፣ በጤና ጣቢያ ግቢ በተቀመጠ አግዳሚ ወንበር ላይ ከተጨነቀ ሰው ጋር ተቀምጠው ችግሩን ይሰማሉ፤ ከተደራረቡት ችግሮች አንዱን ለይቶ መፍትሔ እንዲፈልግ ይረዱታል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ የንጽጽር ጥናት፣ ይህን እርዳታ ያገኙ ሰዎች ከስድስት ወር በኋላ ከሌሎቹ የተሻለ ሁኔታ ላይ እንደነበሩ አሳይቷል። በዚያ አገር ሾና ተናጋሪዎች ሕመሙን “ኩፉንጊሲሳ” ይሉታል፤ ትርጉሙ ማሰብ ማብዛት ነው። እኛም “ሐሳብ በዛበት፣ ሐሳብ ጣለው” እንላለን። በሳሪስ ማሳ ዳር፣ በቡና ሰዓት፣ ይህን ያህል መሰማማት የሚከለክል ነገር የለም።

ጽናት የማይሸከመው ነገር

እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። “ጽናት” የሚለው ቃል የሌላውን ግዴታ በሠራተኛው ጫንቃ ላይ መጫኛ እንዳይሆን። በራስ መተማመን የወንዝ ውሃ አያጠራም። በአዲስ አበባ የተደረጉ ጥናቶች በአቃቂ ውሃ በሚለሙ አትክልቶች ውስጥ እንደ ካድሚየም፣ ክሮሚየምና እርሳስ ያሉ ከባድ ብረቶች መኖራቸውን፣ እንደ ሰላጣና ቆስጣ ያሉ ቅጠላ ቅጠሎችም ከጥቅል ጎመን ይበልጥ እንደሚይዟቸው አሳይተዋል። አምራቹ ውሃውን በቅጠሉ ላይ ሳይሆን በቦይ ቢያጠጣ፣ ከመቁረጡ ጥቂት ቀናት አስቀድሞ ማጠጣቱን ቢያቆም፣ ምርቱንም በንጹሕ ውሃ ቢያጥብ ጀርሞችን ይቀንሳል። ተክሉ በሥሩ የሳበው ብረት ግን በማጠብ አይወጣም። ይህን ማስቀረት የሚቻለው ፍሳሹ ከምንጩ ሲቆም ነው፤ ያም የፋብሪካዎችና የሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች ኃላፊነት ነው።

የቦታ ጉዳይም እንዲሁ ነው። ከተማው እየሰፋ፣ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮም የወንዝ ዳርቻዎችን የማልማት ሥራ እየተካሄደ ነው። ነገ በዚህ ቦታ መኖሩን የማያውቅ ሰው ፍግ አያፈስም፣ ቦይ አይቆፍርም፣ ብስባሽ አያዘጋጅም። ይህን አይተን “ትጋት የለውም” ብንል እንሳሳታለን። ስለ ቦታው የሚታሰበውን በጊዜው ማሳወቅ፣ የሚነሣም ከሆነ ምትክ ሥራና ቦታ እንዲያገኝ ከማኅበሩ ጋር መነጋገር፣ ከማንኛውም የማበረታቻ ንግግር ይበልጣል።

ምን ይደረግ?

ከላይ ከተገለጸው በመነሣት የሚከተሉትን ነጥቦች እናቀርባለን።

ለልማት ሠራተኛው፦

ሀ/ አዲስ አሠራር ሲያስተዋውቁ በትንሽ ቦታ፣ ቶሎ በሚደርስ ሰብል ይጀምሩ። ለመማሪያ የሚሆን መደብ 1 ሜትር ስፋትና 5 ሜትር ርዝመት ቢኖረው ይበቃል።

ለ/ ግብዓቱ ከወቅቱ ዘግይቶ ከደረሰ አይትከሉ፤ “ዘንድሮ አልፏል” ማለትን ይድፈሩ።

ሐ/ ሙከራው ሲበላሽ ቀድመው ይሂዱ እንጂ አይጥፉ። ስሕተቱ የእርስዎ ከሆነ በሰዎች ፊት ይናገሩ፤ አምራቹ ከኀፍረት ይድናል።

መ/ “ፍላጎት የለውም” ብለው ከመመዝገብዎ በፊት ምክንያቱን ከሰውየውም ከጎረቤቱም ይጠይቁ።

ለማኅበራትና ለቡድን መሪዎች፦

ሀ/ ከክረምት በፊት፣ በግንቦት፣ ውሃ ማጠንፈፊያ ቦዮችን በወንፈል ይቆፍሩ። መረሬ አፈር ከረጠበ በኋላ ለመቆፈር አይመችም።

ለ/ ከየቡድኑ ጥቂት የችግኝ መደብ በጋራ ይያዝ፤ ማሳው በጎርፍ የተወሰደበት ሰው ከዚያ ይወስዳል፣ ሲደርስለት ይተካል።

ሐ/ እቁቡ ለድንገተኛ ጉዳት ዕጣ የሚቀደምበትን ደንብ አስቀድሞ ይጻፍ። ደንብ ካለ ተጎጂው እንደ ለማኝ አይቆጠርም፤ መብቱን ይጠይቃል።

መ/ የቀን ሙያተኞችና ሴቶች ሠራተኞች ከመረዳዳቱ ውጭ እንዳይቀሩ ይታሰብ። መዋጮው በሳምንት ለማይችል በወር ይሁን።

ሠ/ ከሥራ የቀረን ሰው በሦስተኛው ቀን የሚጠይቅ አንድ ሰው ይመደብ።

ለእያንዳንዱ ሠራተኛ፦

ሀ/ ከጉዳት በኋላ ማሳውን በሙሉ ለመመለስ አይሞክሩ። አንድ መደብ ያዘጋጁ፤ እሱ ሲበቅል ሁለተኛውን።

ለ/ የተከሉበትን ቀን፣ የሸጡበትን ዋጋና የጠፋብዎትን በአንድ ደብተር ይጻፉ፤ መጻፍ ካልቻሉ ልጅዎ ይጻፍልዎ። ክፉ ዓመት ሲመጣ፣ ከዚህ ቀደም ተመሳሳይ ዓመት ማለፍዎን ደብተሩ ያስታውስዎታል።

ሐ/ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ እንቅልፍና ምግብ እምቢ ካለዎት፣ ሥራው ሁሉ ካስጠላዎት ወይም መኖር ከንቱ መስሎ ከታየዎት፣ ይህ ስንፍና ሳይሆን ሕመም ሊሆን ስለሚችል በቅርብ ወዳለው ጤና ጣቢያ ይሂዱ፤ ከዚያም አስፈላጊ ከሆነ እንደ አማኑኤል ወዳለ የአእምሮ ሆስፒታል ይላካሉ። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ያለበት ሰው ግን ብቻውን አይተው፤ በዚያው ቀን ሰው ይዞት ይሂድ።

ማጠቃለያ

የመንፈስ ጽናት አንዱ ሲወለድ ይዞት የሚመጣ፣ ሌላው የሚነፈገው ነገር አይደለም። ሠርቶ በማየት፣ የቢጤን ሥራ በመመልከት፣ የታመነ ቃል በመስማትና ጤናን በመጠበቅ የሚገኝ ነው። ሲጎዳ የሚጠገነው ደግሞ በወገን ነው። እኛ ለዚያ አምራች ችግኝ ሰጥተን ነበር፤ ጎረቤቶቻቸው ግን ቦይ ቆፈሩላቸው፣ ዕጣ አስቀደሙላቸው፣ ሳይጠሩም በራቸው ድረስ ሄዱ። ቆስጣውን ያበቀለው ይህ ነው።

ስለዚህ ወደ ማሳ በምንወጣበት ጊዜ ከአፈሩና ከተባዩ ጋር አንድ ጥያቄ እንጨምር፤ ይህ ሰው ነገ ቢወድቅ ማን ይደርስለታል? መልሱ “ማንም” ከሆነ ምርጥ ዘሩ ይቆይ፤ በቅድሚያ ሰውየውን ከጎረቤቶቹ ጋር እናገናኝ።